የአፈ ጉባኤው የተዋደዱ ጥርሶች

የአባቴ ታላቅ ወንድም አፍ ነበረው፤ ጥርስ ግን አልነበረውም። ዘመድ አዝማዱ «አፈ ጉባኤ» ይለው ነበር፣ እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎት ኖረ። ማን ሾመው? ማንም። ሠርግ ሲሆን ይናገራል፣ ለቅሶ ሲሆን ይናገራል፣ ሁለት ዘመዳሞች በአጥር ቢጣሉ መሀል ገብቶ ይናገርና ሌላ ጠብ ጨምሮባቸው ይወጣል። ዕድሜውን የጨረሰው የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ነው፤ በእጁ የገባ ሥልጣን ቢኖር የቁልፍ ዘለላ ነበር። ሆኖም ተነስቶ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ይቀመጡ ነበር።

ፊት ለፊቱ ሁላችንም «እርስዎ» ነበር የምንለው። አሁን «እሱ» የምለው ስድ አደግ ስለሆንኩ አይደለም። አንቱታውን ያነሳሁት አስቤበት ነው፤ ለምን እንደሆነ እየቆየ ይገባችኋል።

አፉን ሞልቶ ይናገራል ይባልለት ነበር። የሚሞላው ግን ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። የላይኛው ደህና ነበር፤ ላንቃው ላይ ተለጥፎ ይውላል። የታችኛው ግን ቤት አጥቶ ነበር። «ኃላፊነት» የሚለውን ቃል ሲጀምር ይነሳል፣ «የቤተሰባችን ክብር» ላይ ሲደርስ ይዋኛል። ያን ጊዜ አገጩን የሚያሻሽ መስሎ በአውራ ጣቱ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። እኔ ሁሌም ከፊት ወንበር ስር ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ይህንን ነበር የምጠብቀው። ሰዎች ግን «ይቺ ልጅ ንግግር ትወዳለች፣ እሱን ነው የወጣችው» ይሉ ነበር። ኧረ ወዲያ!

አባቴ የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። እናቴ የምትሠራው አንድ ጥርስ ሠሪ ዘንድ ነበር። ክፍሉ ከጥርስ ሕክምናው ጀርባ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ የሰው እግር ብቻ ያሳያል። ጠረጴዛው ላይ የጄሶ ዱቄት ተነስንሶ ይውላል፣ በትንሽ እሳት ላይ ሮዝ ሰም ይቀልጣል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ማለስለሻው ሞተር እንደ ትልቅ ዝንብ ሲጮህ ይውላል። እናቴ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሰም ላይ ትደረድራለች፣ ከዚያ ተሠርተው ሲመጡ ታለሰልሳለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ነበር የምውለው፤ በተሰበረ ጥርስ ዕቃቃ የተጫወተ ልጅ ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ጥርስ ሠሪው ድምፁ ለስላሳ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። መቆጣት አለማወቁ ብቻ አይደለም፣ መቆጣት እንደሚቻልም የሰማ አይመስልም። እናቴን ሊያገባ ይፈልግ ነበር፣ እሷም ፈልጋው ነበር። አፈ ጉባኤው ይህን የሰማ ዕለት ደሙ ፈላ። የወንድሙ ሚስት ሌላ ቤት ልትገባ! እሱ ሳይጠየቅ!

አንድ ቀን እናቴ ጥርሶቹን ሰም ላይ እየደረደረች ለጥርስ ሠሪው «ጥርሱ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ከንግዲህ በቀላሉ አልወጣም» ስትል ሰማኋት። በቋንቋችን አፉን የፈታ አዋቂ ሁሉ ምን ማለቷ እንደሆነ ያውቃል፤ ሰውየው ቂም ይዞባታል ማለት ነው። እኔ ግን ልጅ ነበርኩ፣ እናቴም ቀኑን ሙሉ ከጥርስ ጋር የምትውል ሴት ነበረች። የሌሎች ልጆች እናቶች ቢሮ ይገባሉ፣ ሱቅ ይገባሉ፤ የኔዋ ጥርስ ውስጥ ትገባለች። ምኑ ይገርማል? ያስጨነቀኝ መውጣት አለመቻሏ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ ከምሳ በኋላ ባዛጋ ቁጥር ጎንበስ ብዬ አፉ ውስጥ ማየት ያዝኩ። ሲይዘኝ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ «እናቴን» አልኩት።

ሊቀልድ የሚችል ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሱ ግን ተሳለቀችብኝ ብሎ ለእናቴ፣ «ልጅሽን ስድ አድርገሽ እያሳደግሻት ነው፤ ደግሞ እኮ ባል ብለሽ ትነሻለሽ» አላት። በዚያው ሰሞን ለዘመዶቹ ሁሉ፣ እናቴ ካገባች ልጅቷ የወንድሙ ደም ስለሆነች እሱ ቤት እንደምታድግ፣ ይህንንም በስብሰባ ፊት አስታውቆ እንደሚወስደኝ መናገር ጀመረ። የሱ የራሱ ልጆች ካደጉ ወዲህ ደጁን አልረገጡትም። እኔን ምን ሊያደርገኝ ነው? ከጣፋጭ ጀምሮ እስከ ትምህርቴ ድረስ አንድም ቀን ስለኔ ጠይቆ አያውቅም። የሚፈልገው ቃሉ መሬት ጠብ እንዳይል ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ እኔ ያወቅኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የነገረኝ የለም። እናቴ ሌሊት ትራሷን ስትገለባብጥ አያለሁ፣ ፀጉሬን ስትሠራኝ እጇ መሀል ላይ ይቆማል፤ እኔ ግን ጥርስ ውስጥ መግባት ያደክማል ብዬ ነበር የማስበው።

አፈ ጉባኤው ለዚያ ስብሰባ አዲስ ጥርስ ማሠራት አማረው። ሌላ ጥርስ ሠሪ የጠፋ ይመስል ወደኛው መጣ። አሁን ሳስበው ሰውየውን ሊያስጎነብሰው ነው የመጣው፤ ሚስቱ ሊያደርጋት የፈለጋትን ሴት እየከለከልኩት ጥርሴን ይሥራልኝ ዓይነት ነገር። እኔ ግን በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩን ገጣጥሜ ጨረስኩ፤ ስብሰባ አለ፣ አዲስ ጥርስ አለ፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚሰበሰበው አዲሱን ጥርስ ሊያይ ነው።

ኮፍያውን ሳያወልቅ ገባና ከሁሉ የተሻለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የታችኛው ጥርሱ እየዋኘ አስቸግሮታል፤ ከሆነ ሰው የማግኔት ጥርስ የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቷል፤ ያለ ማግኔት አልቀበልም አለ። ጥርስ ሠሪው ይቻላል አለው። ትንንሽ ክብ ማግኔቶች፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ፣ ከመንጋጋዎቹ ስር ከላይም ከታችም ይቀበራሉ። ሲቀበሩ ግን አንድ ዓይነት ፊታቸው እንዲተያይ ነው የሚደረገው፤ ያን ጊዜ ይገፋፋሉ። የላይኛው ወደ ላንቃ፣ የታችኛው ወደ ድድ ተገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ይህን ሁሉ በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ አስረዳው፤ ከሳምንት በኋላም በሰም የተያዘውን ሙከራ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አሳየው። የላይኛውን ወደ ታችኛው ሲያስጠጋው የታችኛው ማንም ሳይነካው ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ጠረጴዛው ላይ ልወጣ ደረስኩ።

አፈ ጉባኤው ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይጣላሉ እኮ!» አለ።

ጥርስ ሠሪው አዎ፣ የሚፈለገውም እሱ ነው አለ።

«ማግኔት ሥራው መሳብ ነው። ይገፋል ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? የገዛ አፌ ውስጥ ጠብ ልታስገባ ነው? እንዲሳሳቡ አድርገህ ሥራ!»

«ጋሼ፣ ከተሳሳቡማ የታችኛው...»

«አንተ ጥርስህን ሥራ፤ ማግኔቱን ለኔ ተወው።»

ሞተሩ ቆመ። እናቴ ነበረች ያቆመችው። እስካሁን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስታለሰልስ ነበር፤ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ዞረች። ጥርስ ሠሪውን አላየችውም።

«ጋሼ ያሉት ይሁን» አለች። «እንዲዋደዱ ይደረግላቸው።»

እንዲህ ስትታዘዘው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር መሰለኝ፣ አጎቴ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። እሷ ደግሞ አሮጌውን ጥርስ ቢተውላት የመጨረሻውን ልክ ከሱ ጋር እንደምታስተያይ፣ አዲሱን ራሷ እንደምታመጣለት በትሕትና ነገረችው። አውልቆ ሰጣትና አፉን በሻርፑ ሸፍኖ ወጣ። እኔ በበኩሌ ሰላም የወረደ መሰለኝ። ሰውየው ጥርሶቹን አስታረቀ፤ ጥርሶቹ ከታረቁ ደግሞ እናቴን መሀላቸው አንቀው የሚይዙበት ምክንያት የለም። እንደውም ያን ቀን ማታ እናቴ ጥርስ በጥርስ ሆና እራት ስታቀርብልኝ፣ ይኸው ወጣች አልኩ።

ጥርስ ሠሪው ግን አልተዋጠለትም። ማግኔቶቹን በጉጠት እያገላበጠ፣ ይህ ነገር ልክ አይደለም፣ ሰውየው ይዋረዳሉ እያለ ያጉረመርም ነበር። እናቴ መልስ የሰጠችው ሲደጋግምባት ነው፦ «ደንበኛ ያዘዘውን አትሠራም እንዴ?» እሱም ሠራ። ደግ ሰው ነው፤ እንጀራ አባቴ ሆኖ በክብር ነው ያሳደገኝ፤ ነገር ግን እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ የፈራው አጎቴን ይሁን እናቴን ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጥርሶቹ ተሠርተው መጡ። እናቴ ማለስለስ ጀመረች፤ ስታለሰልስ፣ ስታለሰልስ ሰነበተች። አፈ ጉባኤው ሰው እየላከ ይጠይቃል፤ እሷ ገና አልለሰለሰም ትላለች። እኔ ተጣብቄ ሳያቸው ፊቴን የሚያሳዩ እስኪሆኑ ያብረቀርቁ ነበር። ዛሬ ሙያው የራሴ ሆኖ ሳየው፣ አንድ ሙሉ ጥርስ ማለስለስ ከረፋድ አያልፍም። እሷ ግን እስከ ስብሰባው ቀን አደረሰችው። ያን ሁሉ ጊዜ ሰውየው ያለ ጥርስ ቤቱ ተቀምጦ፣ እንግዳ ሲመጣ ታሟል እያስባለ ነበር።

የስብሰባው ቀን የሄድነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሳሎኑ በወንበር ተሞልቷል፤ የሰው ጫማ ቀለም፣ የሴቶቹ ሽቶና የእንጨት መወልወያው ሽታ ተደባልቆ አፍንጫ ይነካል። እናቴ በጥጥ የጠቀለለችውን ሳጥን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት፣ የከለከለኝ የለም። አጎቴ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ አፉን በሻርፕ እንደሸፈነ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሳጥኑን ከእጇ ነጠቃትና መስታወት ፊት ቆሞ አጠለቀው።

ቀጭ አለ። አፉን እንደገጠመ ከንፈሩን ገለጠ፤ ጥርሶቹ እንደ መታጠቢያ ቤት ሸክላ ተደርድረው ቦግ አሉ። አንገቱን ደፋ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ ምንም አልወደቀም። ሳሎን ውስጥ ሰዎች ሲያስሉ፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ደስ ብሎት እኔን ሳይቀር አናቴን መታ መታ አደረገኝና በዚያ ነጭ ፈገግታው ወጣ። እናቴ መኝታ ቤቱ ውስጥ ቆማ ቀረች፤ የአልጋውን ራስጌ ይዛ ነበር። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኳት።

ሰው ሁሉ በአድናቆት አጉረመረመ። አንዱ ተነስቶ እንዴት ሰነበቱ አለው። አጎቴ ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ እኔም እንደ ልማዴ ወለሉ ላይ ሆኜ አንጋጥጬ ነበርና አየሁት። የታችኛው ጥርስ ከድዱ ተነስቶ ከላይኛው ጋር እንደተጣበቀ ወደ ላይ ወጣ። ሁለቱም ረድፍ ላንቃው ላይ ተንጠልጥለው፣ ከታች ባዶ ሮዝ ድድ ብቻ ቀረ። ቀጭ! አፉን ዘጋው። ከኔ በቀር ያየ አልነበረም። ተዋደዱ ብዬ ላጨበጭብ ነበር።

አፈ ጉባኤው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ነበር፤ ዓይኑ ግን መውጫ ይፈልግ ጀመር።

ስብሰባውን የምትመራው የአባቴ አክስት ነበረች፤ ሁላችንም ትልቋ እትዬ እንላታለን። በዕድሜ ሁሉን የምትበልጥ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምራ ሰው ቆሎ በልቶ እስኪጨርስ የማትዘጋ ሴትዮ ናት። የተሰበሰብንበትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ ካለች በኋላ፣ አፈ ጉባኤ ይናገር አለች። እናቴ በሩ ላይ መጥታ ቆማለች። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። አጎቴ ተነሳ፤ እጁን አነሳ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ እጁን አወረደና ተቀመጠ።

የሰው ግምት ደግሞ አያልቅም። አንዱ ነገሩ ከብዶት ነው አለ፣ ሌላው ለታላቋ ቅድሚያ መስጠቱ ነው አለ። እትዬም እንደዚያው ገብቷት፣ እንግዲህ እኔው ልጠይቅህ አለችና ጀመረች፦

«ይህቺ ልጅ... እናቷ ብታገባም እንኳን... ከእናቷ ሳትለይ... እዚያው እናቷ ዘንድ እንድታድግ...»

አጎቴ ራሱን መወዝወዝ ጀመረ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ በኃይል። አልስማማም ማለቱ ነው። እትዬ ግን ገና አልጨረሰችም።

«...ብንፈቅድ... አንተ ቅር ይልሃል?»

ቋንቋችን ነገሩን የሚቋጨው መጨረሻ ላይ ነው። ዕድሜ ልኩን በአፉ የኖረ ሰው ይህን አልጠበቀም። «ቅር ይልሃል?» የሚለው ሲመጣ ጭንቅላቱ ገና ግራና ቀኝ እየሄደ ነበር።

«አይለውም! ይኸው ቅር አይለውም!» አለች እትዬ። ሳሎኑ በእሰይታ ተናወጠ። አጎቴ ብድግ አለ። አፉን ከፈተ፣ እኔም ሁለቱን ረድፎች ላንቃው ላይ ተንጠልጥለው ዳግም አየኋቸው፤ ወዲያው በመዳፉ አፉን ግጥም አድርጎ ያዘ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ወንድሙ ትዝ ብሎት ሆድ ብሶት ነው» አሉ ሴቶቹ፣ እነሱም ማልቀስ ጀመሩ። እናቴ ከበሩ መጥታ ዝቅ ብላ አመሰገነችው። ሰው ሁሉ እሱን ሲያቅፍ እኔም ሮጬ እግሩን አቀፍኩት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ይህ ሰው ፍቅር አፉን ያስያዘው ሰው ነው ብዬ ወድጄው ኖሬያለሁ። በልደቱ አበባ እወስድለት ነበር፤ እስኪ አስቡት!

እንግዲህ ዛሬ ሥራዬ ነውና ልንገራችሁ። ያ ሰው ማድረግ የነበረበት ሁለት ጣት አፉ ውስጥ አስገብቶ ጥርሶቹን አውጥቶ መሀረብ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። ከዚያ በድዱ «አልፈቅድም» ማለት። በየቀኑ ጥርስ ከሌላቸው ሰዎች ጋር ነው የማወራው፤ ሲሳደቡ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማል። በማግስቱም መናገር ይችል ነበር። በማግስቱ ሹልክ ብሎ ወደ መሥሪያ ክፍሉ መጥቶ «እንደ መጀመሪያው አድርግልኝ» አለ፤ «ይጣሉ» ማለት ከብዶት። ጥርስ ሠሪው ገልብጦ ሠራለት፣ ጥርሱም ከዚያ በኋላ ነቅነቅ ብሎ አያውቅም። አፉ ሙሉ ሆነ። ታዲያ ሄዶ ውሳኔው አልተዋጠልኝም አለ? አላለም። እስከዚያ ድረስ አገር ምድሩ ልበ ሰፊነቱን ሲያወራ ሰምቶ፣ ወሬው ጣመው። ከዚያ ወዲህ የኔን ሠርግ ጨምሮ በተሰበሰብንበት ሁሉ እየተነሳ፣ «ያኔ ይህቺን ልጅ ለእናቷ የተውኩት እኔ ነኝ» እያለ ጉራውን ሲነዛ ኖረ። እናቴም እሱ ይህን ባለ ቁጥር «ዕድሜ ይስጥልን» ትል ነበር።

የማግኔቱን ታሪክ የነገረኝ እንጀራ አባቴ ነው፤ ሙያውን ሲያስተምረኝ፣ በሕይወቱ ማግኔት ገልብጦ የሠራው አንድ ሥራ ብቻ እንደሆነ አፉ አመለጠው። የማን እንደሆነ ስሰማ አንቱታዬም፣ አበባዬም ያን ዕለት አበቃ። እናቴን ግን አልጠየቅኳትም። ቆይ ዛሬ፣ ቆይ ነገ ስል ቆየሁ።

አፈ ጉባኤው ባለፈው ዓመት ሞተ። ቀብሩ ላይ አንዱ ተነስቶ፣ የሙት ልጅ ከእናቷ እንዳትለይ ያደረገ ታላቅ ሰው ብሎ ተናገረለት። ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ። ቤት ስንገባ እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ጠየቅኳት፤ የታችኛው እንደሚነሳ አውቀሽ ነው ወይ «ይሁን» ያልሽው አልኳት።

«እንዴት አላውቅም» አለች።

«ጥርሱን አውልቆ ቢናገርስ ኖሮ?»

ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታሻሽ ቆየች። እርጅናው እግሯን እየጎዳት ነው።

«ልብስሽን አጣጥፌ ጨርሼ ነበር» አለች። «ሻንጣው አልጋ ስር ነበር፣ አንቺ አላየሽውም። ሰው ፊት ድዱን እያሳየ የሚፈልግሽ ከሆነ፣ ከልቡ ነው የሚፈልግሽ ማለት ነው፤ እንዲያ ከሆነ እሰጠዋለሁ ብዬ ነበር። ከልቡ ለሚፈልግሽ።»

ሳቅሁ። እናቴም ሳቀች። የዚያ ሁሉ ዓመት ጉራ፣ የዚያ ሁሉ ንግግር ዋጋ ይኸው ነው፤ ሁለት ጣት እንኳን አላነሳልኝም። ከዚያ ደግሞ፣ ያን የሚያህል ንቄው ሳለ፣ ምን ነካኝ እንጃ ትንሽ ከፋኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ውሃ አሙቄ እግሯን አጠብኩላት።